ስለ ጎረቤት ውሻና ስለ ቤት ዋጋ

ቤት የሚሠራ ሰው ድንጋዩን፣ እንጨቱን፣ ሲሚንቶውንና ቆርቆሮውን ቈጥሮ የቤቱን ዋጋ ያውቃል። ለግንበኛውና ለአናጢው የከፈለውንም ይደምርበታል። ነገር ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ የማይገባ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እርሱም ጎረቤት ነው። ጎረቤት በገንዘብ አይገዛም፤ ይሁን እንጂ ቤቱ በሚሸጥበት ቀን ዋጋውን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ከጎረቤትም ነገር ሁሉ አስቀድሞ ወደ እንግዳ ጆሮ የሚደርሰው የውሻው ድምፅ ነው። ስለዚህ ውሻ ያለው ሰው የሚይዘው የራሱን ቤት ጠባቂ ብቻ አይደለም፤ ሳያውቀው የጎረቤቱን ሀብት በእጁ ይዟል።

ሳንሱሲ በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ቡራዩና ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ በኩል ያለ ሰፈር ነው። የሰፈሩ ስም በድምፁ ከአንድ የፈረንሳይኛ ቃል ጋራ ይገጥማል፤ በዚያ ቋንቋ «ሳን ሱሲ» ማለት «ያለ ሐሳብ» ወይም «ያለ ጭንቀት» ማለት ነው። መልካም ስም ነው። ነገር ግን በማናቸውም ሰፈር ሰው ያለ ጭንቀት የሚኖረው በስሙ አይደለም፤ በጎረቤቶቹ ጠባይ ነው እንጂ።

በአዲስ አበባ ብዙ ቤቶች በግንብ ወይም በቆርቆሮ አጥር ተከበው ጎን ለጎን ይቆማሉ። በብዙ በር ላይም «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሕፈት ይታያል። ማንበብ የጀመረ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በመንገድ ከሚያነባቸው ቃሎች አንዱ ይህ ነው። ባለቤቱም ይህን የጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌሊት ሌባ ይመጣል፤ በከተማይቱ ዳርም ጅብ ይዞራል። ውሻ ግን ከ14,000 ዓመት የሚበልጥ ዘመን ከሰው ጋራ ኖሯል፤ ከእንስሳ ሁሉ አስቀድሞ የሰው ወዳጅ የሆነ እርሱ ነው። የሰው ጆሮ በአንድ ሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚንቀጠቀጠውን ድምፅ አይሰማም፤ የውሻ ጆሮ ግን ከ40,000 በላይ የሆነውን ይሰማል። ስለዚህ ሰው ተኝቶ ሳለ ውሻ ይነቃል፤ ሰው ያልሰማውንም ሰምቶ ይነግረዋል። ይህን የመሰለ ጠባቂ ቢመሰገን እንጂ ሊነቀፍ አይገባውም። ነገር ግን መልካም ነገር ሁሉ ልክ አለው፤ ልኩን ካለፈም ለሌላው ሰው ጉዳት ይሆናል።

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ባሏ የሞተባት አንዲት እናት በሳንሱሲ አንድ ቤት አላት እንበል። ከዚህ ቤት በቀር ሌላ ሀብት የላትም። ጕልበቷ ስለ ደከመ ቤቷን ሽጣ ወደ ልጇ ዘንድ ሄዳ መኖር፣ በገንዘቡም የቀረውን ዘመኗን መጦር ፈለገች። ከአጥሯ ማዶ ያለው ጎረቤቷ ሦስት ውሾች አሉት። ውሾቹ ቀን ከጋራው አጥር ሥር በአጭር ሰንሰለት ታስረው ይውላሉ፤ ሌሊት ይለቀቃሉ። ሰው ባለፈ ቍጥር፣ መኪና በመጣ ቍጥር፣ ድመት በአጥር ላይ በሄደች ቍጥር ሦስቱም በአንድነት ይጮኻሉ።

የመጀመሪያው ገዥ ከደላላ ጋራ በጧት መጣ። ክፍሎቹን አየ፤ የውኃውን ቧንቧ ከፈተ፤ ጣራውን ተመለከተ፤ የቤቱን ካርታም አነበበ። ሁሉ ደስ አሰኘው። ሲመሽ ሚስቱን ሊያሳይ ተመለሰ። ገና በሩን ሲያንኳኳ ውሾቹ ጮኹ፤ በቤት ውስጥ ሲነጋገሩም ጩኸቱ ቃላቸውን እየሸፈነ አላነጋግር አላቸው። ሚስቲቱም ባሏን ቀስ ብላ፣ «ሕፃኑ በዚህ ቤት እንዴት ይተኛል?» አለችው። ከዚያ ወዲያ አልተመለሱም። ሁለተኛው ገዥ ግን አልሸሸም። «ቤቱን እገዛለሁ፤ ነገር ግን ስለ ውሾቹ ብለው ከዋጋው ይቀንሱልኝ» አለ። እነሆ፣ የጎረቤት ውሻ ሳይነክስ የሰውን ሀብት ጐዳ።

ገዥው ይህን በማለቱ በዳይ ነውን? አይደለም። በኢትዮጵያ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታ የመንግሥት ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑንና የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ይናገራል። ሰው ሸጦ የሚያስተላልፈው የሠራውን ቤት ነው። ነገር ግን ቤት የሚገዛ ሰው ግድግዳና ጣራ ብቻ አይገዛም። በዚያ ቤት የሚተኛውን እንቅልፍ፣ ልጆቹ የሚጫወቱበትን ደጅ፣ ሲመሽ በሰላም የሚገባበትን መንገድ ጭምር ይገዛል። ቀን ሠርቶ የደከመ ሰው ሌሊት ካልተኛ በማግሥቱ ሥራውን አይችልም፤ ተማሪም ካልተኛ ትምህርቱ አይገባውም። እንግዲህ እንቅልፍ የሌለበት ቤት ግድግዳው ያማረ ቢሆን እንኳ ዋጋው የጐደለ ነው።

ገዥን የሚያሳስበው ጩኸቱ ብቻ አይደለም። አጥሩን ዘሎ ወይም በተከፈተ በር ወጥቶ ሰው የሚነክስ ውሻ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የእብድ ውሻ በሽታ የሚባል ክፉ ደዌ አለ። ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያመልጥ ከቶ ጥቂት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው በዓለም ሁሉ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚሆን ሰው ይሞትበታል፤ ለሰው የሚደርሰውም አብዛኛውን ጊዜ ከውሻ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ሉዊ ፓስተር የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ በእብድ ውሻ የተነከሰ አንድ የ9 ዓመት ልጅ አስከትቦ ከሞት አዳነ። በአዲስ አበባ ከቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ያለው ስፍራ «ፓስተር» የሚባለው በዚህ ሊቅ ስም ነው። ውሻ የነከሰው ሰው ቍስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ሳይዘገይም ወደ ሐኪም ሄዶ መከተብ አለበት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ውሻውን አስቀድሞ በየጊዜው ማስከተብ ነው። ያልተከተበ ውሻ በአጥር ማዶ እንዳለ ያወቀ የልጆች አባት ቢፈራ ፈሪ ሊባል አይገባውም።

ጎረቤት ለቤት ዋጋ መሆኑን የቀደሙት ሰዎችም ያውቁት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት በአቴና ከተማ ቴሚስቶክሊስ የሚባል ዝነኛ የጦር አለቃ ነበረ። ፕሉታርክ የሚባለው ጸሐፊ እንደ ተረከው፣ ይህ ሰው ርስቱን ሊሸጥ በፈለገ ጊዜ አዋጅ ነጋሪውን ጠርቶ፣ ርስቱ መልካም ጎረቤትም ያለው መሆኑን ጨምሮ እንዲናገር አዘዘው። ዐረቦችም «ከቤቱ አስቀድሞ ጎረቤቱን» ይላሉ። የእኛም አገር ሰው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይላል። ሦስቱም ሕዝቦች በቋንቋ የተለያዩ ናቸው፤ በዚህ ነገር ግን አሳባቸው አንድ ነው።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ሁለት ገዥዎች ከሄዱ በኋላ ደላላው ወደ እናትየዋ ቀርቦ፣ «እትዬ፣ አያስቡ፤ ውሾቹ በቀትር ፀሐይ ይተኛሉ። ገዥውን በዚያ ሰዓት አመጣዋለሁ፤ ምንም ሳይሰማ ይዋዋላል» አላት። ይህ ምክር ብልሃት ይመስላል፤ ነገር ግን ማታለል ነው። ገዥው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ዕቃውን አግብቶ፣ በመጀመሪያይቱ ሌሊት እውነቱን ይሰማል። ከዚያ በኋላ የሸጠችለትን ሴት ይረግማል፤ ከጎረቤቱም ጋራ በጠብ ይጀምራል። እርሷ ከጭንቀቷ የወጣችው ጭንቀቱን በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ ጭና ነው። ገንዘብ እንዲህ ባለ መንገድ ከሚገኝ ጥቂት ቢጐድል ይሻላል።

ከማታለልም የሚከፋ ሌላ መንገድ አለ። አንዳንድ ሰው በጩኸት በተመረረ ጊዜ ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ በአጥር ይጥላል። ይህ የጭካኔ ሥራ ነው። ውሻው የሚጮኸው እንዲጠብቅ ስለ ተቀመጠ ነው፤ በደሉ የእርሱ አይደለም። መርዙንም ሌላ እንስሳ ሊበላው፣ የሚጫወት ሕፃን ሊነካው ይችላል። ጎረቤትም ውሻው በመርዝ መሞቱን ባወቀ ጊዜ ቂም ይይዛል፤ ቂም ደግሞ ከውሻ ጩኸት ይልቅ ብዙ ዘመን ይቈያል።

እንግዲህ በደሉ የማን ነው? ውሻ ያለ ምክንያት አይጮኽም። የተራበ ውሻ ይጮኻል፤ የተጠማ ይጮኻል፤ ቀኑን ሁሉ በአጭር ሰንሰለት የታሰረ ይቈጣል፤ ብቻውን የተጣለ ያላዝናል። አንዱ ሲጮኽ የሰፈሩ ሁሉ ይከተለዋል። በጎዳና የሚሄዱ ልጆችም የቆርቆሮውን በር በዱላ እየመቱ፣ ድንጋይም እየወረወሩ የሚያስቈጡት ጊዜ ብዙ ነው። ልጅ በጨዋታ የመታው በር ውሻውን ክፉ ያደርገዋል፤ የውሻው ክፋት ደግሞ በአጥር ማዶ የምትኖረውን ሴት ቤት ዋጋ ያሳጣዋል። ትንሽ የሚመስል ጥፋት እንዲህ ሩቅ ይሄዳል።

ባለ ውሻው ምናልባት፣ «ውሻው የእኔ ነው፤ ግቢውም የእኔ ነው፤ ማን ምን አገባው?» ይል ይሆናል። ይህ አነጋገር ግማሹ እውነት ነው። ግቢው የእርሱ ነው፤ ነገር ግን አጥር እግርን ያግዳል እንጂ ድምፅን አያግድም። ድምፁ በጎረቤቱ መኝታ ቤት የሚያድር ከሆነ ነገሩ የሁለት ሰው ነው። ደግሞም፣ «ውሻዬ ካልጮኸ ሌባ ይገባብኛል» ይል ይሆናል። ለዚህም መልስ አለው። ለሁሉ የሚጮኽ ውሻ ለማንም እንዳልጮኸ ነው። ድመት ሲያይም፣ መንገደኛ ሲያይም፣ ሌባ ሲያይም ጩኸቱ አንድ ከሆነ፣ ጌታው ለምዶት ከአልጋው አይነሣም። ሌባም የሚወደው እንዲህ ያለውን ቤት ነው። መልካም ጠባቂ ውሻ ግን ዝም ብሎ ይመለከታል፤ በእውነት ነገር ሲመጣ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ጌታውም ጎረቤቱም ይነሣሉ። እንደዚህ ያለ ውሻ የጎረቤቱን ቤት ዋጋ አይቀንስም፤ ይጨምራል እንጂ። አንድ ውሻ ሁለት ቤት ይጠብቃልና። እንግዲህ ዋጋ የሚያወጣውና የሚያወርደው የውሻ መኖር አይደለም፤ የአያያዙ ነገር ነው።

ሕግም ስለዚህ ነገር ይናገራል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225፣ ባለሀብት በሀብቱ ሲገለገል ጎረቤቱን ማወክና መጉዳት እንደማይገባው ይደነግጋል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስን፣ ሽታንና ድምፅንም ይከለክላል። በአንቀጽ 2071 ደግሞ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው በድንገት አምልጦት ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት አይድንም።

በዚህ ነገር የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። የፕሩሲያ ንጉሥ ታላቁ ፍሬድሪክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1745 እስከ 1747 ዓ.ም. በፖትስዳም ከተማ ቤተ መንግሥት አሠራ፤ ስሙንም ሳንሱሲ አለው። ይህ ስም የኮልፌውን ሰፈር የሚመስለው ያ የፈረንሳይኛ ቃል ነው። በቤተ መንግሥቱ አጠገብ አንድ የነፋስ ወፍጮ ነበረ። የአገሩ ሕዝብ በአፈ ታሪክ እንደሚተርከው፣ የወፍጮው ድምፅ ንጉሡን አወከውና ወፍጮውን ልግዛህ አለው። ባለ ወፍጮው እምቢ አለ። ንጉሡ፣ «በኃይል እወስድብሃለሁ» ባለው ጊዜ ባለ ወፍጮው፣ «በበርሊን ዳኞች ባይኖሩ ኖሮ ይቻል ነበር» ብሎ መለሰለት፤ ንጉሡም ተወው ይባላል። ከዚህ ተረት ሁለት ትምህርት ይገኛል። የመጀመሪያው፣ ኃይለኛ ቢሆን እንኳ ሰው ጎረቤቱን በኃይል ዝም ሊያሰኝ አይገባውም። ሁለተኛው፣ የጎረቤት ድምፅ የማያስጨንቀው የለም፤ «ያለ ጭንቀት» በሚባል ቤት የሚኖር ንጉሥ እንኳ ተጨንቋል።

ሕግ መልካም ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻው መንገድ ነው። የመጀመሪያው መንገድ መነጋገር ነው። በምሳሌያችን ያለችው እናት የደላላውን ምክር ትታ ወደ ጎረቤቷ ሄደች እንበል። «ጋሼ፣ በዚህ ሰፈር ብዙ ዘመን አብረን ኖረናል። በእድርም በለቅሶም አልተለያየንም። አሁን ቤቴን ልሸጥ ነው፤ ገዥ እየመጣ በውሾቹ ጩኸት ይመለሳል። ከዚህ ቤት በቀር ምንም የለኝም» አለችው። እርሱም ደነገጠ። «እትዬ፣ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉኝ? የእኔ ጆሮ ለምዶት አይሰማውም» አላት። ብዙ ጊዜ እውነቱ ይህ ነው። የሚያውከው ሰው ማወኩን አያውቅም፤ የሚታወከው ሰውም አፍሮ አይናገርም፤ በመካከል ዓመታት ያልፋሉ። ያልተነገረ ቅሬታ እንዳልታከመ ቍስል ነው።

ባለ ውሻው ማድረግ የሚገባው ነገር ከባድ አይደለም። የውሾቹን መኖሪያ ከጋራው አጥር አርቆ በራሱ ቤት በኩል ያደርግ። በጊዜው ያብላቸው፤ ንጹሕ ውኃና ጥላ ይስጣቸው። ሰንሰለቱን ያስረዝም፤ ከተቻለውም በታጠረ ስፍራ ይልቀቃቸው። ከቡችላነታቸው ጀምሮ ዝም በሉ ሲባሉ ዝም እንዲሉ ያስለምዳቸው። ወደ እንስሳት ሐኪም ወስዶ ያስከትባቸው፤ ሊያሳድግ የማይችለውንም ቡችላ እንዳይወልዱ ያድርግ። በሩን ይዝጋ፤ ወደ ጎዳና አይልቀቃቸው። ይህን ሁሉ ቢያደርግ ውሾቹ ራሳቸው ደስ ይላቸዋል፤ ጎረቤቱም ያርፋል።

የምትሸጠውም እናት ለገዥው እውነቱን ትንገረው። «በማዶ ውሾች አሉ፤ ባለቤታቸው ግን የሚነገረውን የሚሰማ ሰው ነው» ትበለው፤ ከጎረቤቱም ጋራ ታስተዋውቀው። ገዥም ቤት ሲያይ በቀን ብቻ ሳይሆን በማታም ይምጣ፤ የሰፈሩንም ሰው ይጠይቅ። እንዲህ የተሸጠ ቤት ምናልባት እንደ ተመኘችው ዋጋ አያወጣ ይሆናል፤ ነገር ግን ሻጭ ያለ ኀፍረት ትሄዳለች፤ ገዥም ያለ ጠብ ይገባል፤ ባለ ውሻውም አዲስ ጎረቤቱን በሰላም ይቀበላል።

ተማሪም በዚህ ነገር ድርሻ አለው። በመንገድ ሲሄድ የሰውን በር አይምታ፤ የታሰረ ውሻ ላይ ድንጋይ አይወርውር። በቤቱ ውሻ ቢኖር ውኃውን ይቅዳለት፤ በሩንም ዘግቶ ይውጣ። ውሻው ሌሊት አብዝቶ ሲጮኽ ለአባቱና ለእናቱ፣ «ጎረቤቶቻችን ተኝተው ይሆንን?» ብሎ ይጠይቅ። ይህች ጥያቄ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን ሰው ከራሱ አልፎ ለሌላው ማሰብ የሚጀምረው በእንዲህ ያለች ጥያቄ ነው።

ድንጋይና ቆርቆሮ ቤትን ያቆማሉ፤ መልካም ጎረቤት ግን ለቤት ዋጋ ይሰጠዋል። ስለዚህ ሰው የራሱን ደጅ ሲያስጠብቅ የጎረቤቱን እንቅልፍም ይጠብቅ።